ወደ ቀኝም ወደ ግራም የሚዞረው እንዝርት

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሽ ልዑልሰገድ፤

ጋሽዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሌሊት ሌሊት ለሊሴን እንቅልፍ ትነሳታለህ? ልጃችሁስ ኦሊያድ ጥርስ አበቀለ? የነቀምት ዝናብስ አባራ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እኔም እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያቺን የሞባይል መጠገኛ ሱቄን ይዤ አለሁ። እማዬም ደህና ናት፤ ይህን ስልህ ግን ዝም ብለህ አትመነኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብብ።

ባለፈው ስትደውል ለገና መጥቼ እማዬን ወደ ነቀምት እወስዳታለሁ፣ እጇ ከተሰበረ ወዲህ ዶርዜ ላይ ብቻዋን ምን ታደርጋለች ብለህ ነበር። አልፈርድብህም። ክረምት ላይ እንሰቱ ጓሮ አዳልጧት የወደቀች ጊዜ ወጌሻው የቀኝ አንጓዋን አሽቶ ቢያቃናውም፣ ጣቶቿ እንዝርት ጨብጠው ማሾር እምቢ አሏት። ለአንተ እሺም እምቢም አላለችህም፤ ለእኔም እንዲሁ። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ዶርዜ ስወጣ ያየሁት ነገር አስፈራኝ። ባዘቶዋን ለጎረቤት ማደል ጀምራ ነበር። እማዬ ቆጮዋን እንጂ ጥጧን ለሰው የምትሰጥ እንዳልሆነች ታውቃለህ። ቤቷን ለመዝጋት ልቧን እያዘጋጀች መሰለኝ፤ ታክሲ ውስጥ እስክወርድ ድረስ አለቀስኩ።

ከማደሏ በፊት በግራ እጇ ሞክራ ነበር። የፈተለችውን ለጎረቤታችን ለሸማኔው ለአቶ ዳምጤ ብትሰጠው፣ ክሩ ከሌላው ጋር አልስማማ ብሎ ድሩ ላይ እየተጠማዘዘ አስቸገረኝ ብሎ መለሰላት። ሰፈርተኛው አረጀች ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ግን እንደምታውቀኝ ነገር ካልነካካሁ አላርፍም። ከቀድሞውም ከአሁኑም ክር ቁራጭ ወሰድኩና ሱቅ ገብቼ የስልክ ቦርድ በማይበት ማጉያ አየኋቸው። የቀድሞው ጠመዝማዛ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ የአሁኑ ወደ ግራ! ቅጥነቱ፣ እኩልነቱ ሁሉ የእማዬ ነው፤ ግራ እጇ እንዝርቱን በተቃራኒው ስላሾረው ብቻ ነው ክሩ የተጣላው። እጇ ቢሰበርም ሙያዋ ደህና ነበር። እንዴት እንደተደሰትኩ አልነግርህም።

ከዚያ ወዲያ ከዲናሞ በቀር የማስበው አልነበረኝም። ከተበላሸ ፕሪንተር ያወጣሁት ትንሽ ዲናሞ ነበረኝ፤ የእማዬ ቤት የሶላር ባትሪ በደንብ ያዞረዋል። እንዝርቱን ጫፉ ላይ ገጠምኩለት። ይሁንና በአንድ ወገን መዞሩ አይበቃም። ክሩ ከከረረ በኋላ ከእንዝርቱ አናት ለማላቀቅ እማዬ በጣቷ ትንሽ ወደ ኋላ ትመልሰው የለ? ከዚያ ነው የምትጠቀልለው። ዲናሞውም እንደዚያ መመለስ አለበት። የሁለቱን ገመዶች ቦታ ብታለዋውጥ አዟዟሩ ይገለበጣል፤ ግን በየክሩ ገመድ ሲነቅልና ሲሰካ የሚውል ማን ነው? ስለዚህ ሴቻ ገበያ ወጥቼ፣ በሁለት ጎኑ የሚጫን፣ ሲለቁት መሃል ላይ የሚያርፍ፣ ስድስት እግር ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ገዛሁ። የመኪና መስታወት ሲያወጡና ሲያወርዱ የሚጫኑት ዓይነት ነው።

እግሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ረድፍ ተሰልፈዋል። መሃለኞቹ ላይ የባትሪውን፣ ላይኞቹ ላይ የዲናሞውን ገመዶች በየድኩ። ከላይኞቹ ወደ ታችኞቹ ደግሞ ሁለት አጫጭር ገመዶች ቀጥ አድርጌ አወረድኩ። ወዲህ ስጫነው ወደ ቀኝ ዞረ። ወዲያ ስጫነውም ወደ ቀኝ ዞረ። ዕቃው ነው የተበላሸው ብዬ ባለሱቁን ተጨቃጭቄ አስለወጥኩት፤ አዲሱም ያው ሆነ። ሰውዬው እስካሁን ሳያማኝ አይቀርም።

መልሱ የመጣልኝ እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ነው፣ ይቅር ይበለኝ። ፊት ለፊቴ ያለችው ሴት ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታለች፤ የቀኙ ጫፍ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ። ለካ ገመዶቼም እንደዚያ መውረድ ነበረባቸው። ቀጥ ብለው ሲወርዱ ከላይም ከታችም ዲናሞውን የሚያገኘው ያው አንድ ዓይነት ነው፤ ሲተላለፉ ግን የባትሪው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቦታ ይለዋወጣሉ። ቤት ስገባ ምሳም ሳልበላ ቀየርኳቸው፣ በሚቋረጡበት እንዳይነካኩም በናስትሮ ጠቀለልኳቸው። ወደ ቀኝ። ወደ ግራ። መሃል ላይ ዝም። ብቻዬን ሳቅሁ።

የእማዬ ግራ እጅ ባዘቶውን ስለሚስብ ማዘዣው ለእግሯ ደረሰ። ማብሪያ ማጥፊያውን ጣውላ ላይ ገጥሜ፣ በጣቶቿ ስትረግጠው ወደ ቀኝ፣ በተረከዟ ስትረግጠው ወደ ግራ እንዲሄድ አደረግሁት። ስታየው ሳቀች። በእግሩ የሚሠራ ሸማኔ፣ ሸማኔም ወንድ ነው፤ በስተርጅና ዳምጤ የሚሸምንበት ጉድጓድ ልትከቺኝ ነው ወይ አለችኝ። ደግሞም የወጣሁበት ዕለት ኅዳር ሚካኤል ነበርና፣ በበዓል ጥጥ እንደማትነካ አስታወቀችኝ። ባዶውን እንዝርት መመልከት ግን ኃጢአት አይደለም ብላ እስኪመሽ ስትረግጥ ዋለች። መጀመሪያ ከቀኝ ወደ ግራ በአንድ ጊዜ እያላተመችው ዲናሞው ይንገጫገጭ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያለች እግሯን ትቆጣዋለች። ቀስ በቀስ መሃል ላይ አሳርፋ መመለሱን ለመደችው። ያን ቀን ጥጥ ይዛ ቢሆን ክሩን ሁሉ በጣጥሳ ተስፋ በቆረጠች ነበር፤ በዓሉ በጀን።

በማግስቱ ፈተለች። ጥቂት ተበጠሰ፣ ከዚያ መበጠሱን ተወ። አቶ ዳምጤ ክሩን ድር ላይ አስገብቶ ሲያበቃ፣ ይህን የድሮ ክር የት ደብቀሽው ነበር ብሎ ጠየቃት። ያን ጊዜ ምን እንዳደረገች ልንገርህ? ነጠላዋን ደርባ ወጣችና የሰጠችውን ባዘቶ ልታስመልስ በየቤቱ ዞረች! እኔ በሐፍረት ልሞት ነበር። ጎረቤቷ ሚሪያም ብቻ ገና ያልነካችውን ሳቅ ብላ መለሰችላት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ልቃቂት ልኬልሃለሁ። አንዱ እጇ ከመሰበሩ በፊት የተፈተለ ነው፣ ሌላው በዲናሞው። በልጅነትህ ገበያ ላይ የእናቴን ክር ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ ትል ስለነበር እማዬ እንዲህ ብላሃለች፦ "የትኛው የእጄ እንደሆነ ከለየ ዕቃዬን አስሬ እጠብቀዋለሁ። ካልለየ ግን ቤቴን ይተውልኝ።" እኔ አውቃለሁ፣ አልነግርህም። በማጉያ ለማየትም አትድከም፤ ሁለቱም ወደ ቀኝ ናቸው።

ለለሊሴ የናፍቆት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እሷም ትዳስሳቸው፣ ግን አታግዝህ። ኦሊያድን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ፤ ልቃቂቱን አፉ ውስጥ እንዳይከተው ጠብቁት። የለሊሴ እናት እንዴት ሆኑ? ለእሳቸውም እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። አቶ ዳምጤና ሚሪያም ሰላም ብለውሃል። ብትለየውም ባትለየውም ለገና እንዳትቀርብን። ለእማዬ ዕቃ ብለህ ግን ባዶ ሻንጣ አትጎትት፤ ባዘቶ ሞልተህበት ና፣ እያለቀባት ነው።

እህትህ አርሴማ

አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.