ሊስንና ሉስን

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፤

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ብደውል እማዬ ስልኩን ይዛ በከንቱ እንዳትጮህብህ ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ንዴቴ ብቻ ገና አልበረደም።

የአክስቴ ልጅ "ከልምምድ ልትባረር ነው" ብሎ ጽፎልሃል አሉ። ወሬኛ! አንተም "ትምጣ፣ ወፍጮ ቤቱ አለላት" ማለትህ ደርሶኛል። አልመጣም፣ አባዬ! ነገሩን ከእኔ አንብበው።

የፋብሪካው አለቃችን ከውጭ የመጣ ሰው ነው፤ የሚያዘን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ እንግሊዝኛን ከሰሌዳ ገለበጥነው እንጂ መች ከሰው አፍ ሰማነው? ከሁለት ሳምንት በፊት የውሃ ፓምፑን ከሞተሩ የሚያያይዘውን ቺንጋ ሳጠብቅ፣ ከማዶ ሆኖ "ሉስን! ሉስን!" ይለኛል። አጥብቀሽዋል፣ ላላ አድርጊው ማለቱ ነበር። እኔ "ሊስን" ብሎ አዳምጪ ያለኝ መስሎኝ እጄን ሰብስቤ፣ ጆሮዬን ቀስሬ ቆምኩ። እሱ ይጮኻል፣ እኔ የባሰ አዳምጣለሁ! አብሮኝ ያለ ሠልጣኝ ሞተሩን ሲያስነሳው ቺንጋው ጧ ብሎ ተበጠሰ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ "ሊስን" ሆኖ ቀረ። ለልምምድ ለላከኝ ኮሌጅም "ትእዛዝ አትሰማም" ተብሎ ተጻፈ። ዓርብ አለቃው በእንግሊዝኛ ሊፈትነኝ፣ ካልሆነልኝ የምስክር ወረቀቱ ሊቀር ተወሰነ። አስተማሪያችን "ምን አደከመሽ፣ ያለሽን ሁሉ የስ፣ የስ በዪው" ብሎ መከረኝ። ያልገባኝንም የስ? እምቢ አልኩ።

ዓርብ ሌላ ፓምፕ ፊት አቆመኝና ሞተሩን አስነስቶ "ታይትን" አለኝ። ይቺን አውቃታለሁ፣ አጥብቂ ነው። ግን ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ ዘንጉን የተሸከመው ኩሽኔታ ሲያቃስት ይሰማኛል። "ኖ" አልኩት። ጓደኞቼ ክው አሉ። እኔም ካቻቢቴ አነሳሁ፤ ጫፉን የኩሽኔታው ቤት ላይ አሳረፍኩ፣ እጀታውን ወደ ጆሮው አስጠጋሁና "ሊስን!" አልኩት። አጎነበሰ። ቆይቶ ፊቱ ተለወጠ። ሞተሩን አጠፋሁና "ናው፣ ሉስን" አልኩት። ያዋረዱኝ እነዚያው ሁለት ቃላት ነበሩ፣ ሁለቱንም በየቦታቸው አስቀመጥኳቸው! ቺንጋውን በገዛ እጁ አላላው።

የምስክር ወረቀቱን ከፈረመልኝ በኋላ ይህን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። "ፋዘር" አልኩት። አባትሽ ጥሩ ጆሮ አለው ማለት ነው፣ አለኝ። አንተ ካቻቢቴውን በጥርስህ ነክሰህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ የወፍጮውን ሞተር ድምፅ በጆሮህ ሳይሆን በጥርስህ ስታዳምጥ ታየኝ። ያንን የምነግርበት እንግሊዝኛ ከየት ይምጣ? ቢኖረኝም አልነግረውም ነበር። "የስ" አልኩት። ይቺ የስ ግን ገብታኝ ነው።

ፋብሪካው ቀጥሮኛል፤ ሰኞ በደመወዝ ሥራ እጀምራለሁ። ደብዳቤውን ለአክስቴ ልጅ አሳየውና ይረር!

ዕድሜህን ያርዝመው፣ ወገብህን ያጽናው። ከሁሉም በላይ ግን ጥርስህን ያቆይልኝ፣ አባዬ።

ወፍጮ ቤት ያሳደግካት ልጅህ