የሚስቀው ቀስተኛ

ኤዶ፣ ካንዳ ሰፈር
በአሥረኛው ወር መባቻ

ለምትናፍቀኝ ባለቤቴ ለኪሳቡሮ፣

እንደምን ከረምክ? የኦሳካው የሥዕል ቀረጻ ሥራ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እናትህ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው፤ ትናንት የቀቀልኩትን ፍጅል ቀምሰው "ይሄ ለሰው ነው ለፈረስ?" አሉኝ። ጨርሰው ግን በሉት።

የላክኸው የደረቀ የባሕር ቅጠል ደርሶናል፤ አመሰግናለሁ። ግን ማን ጠቀለለው? አንተ የቋጠርከውን ለመፍታት ጥርስ ያስፈልጋል። ይሄኛው ጫፉን ሳብ ባደርገው ፍትት አለ። የሴት ቋጠሮ ነው። አከራይህ ትሆናለች ብዬ ራሴን ላሞኝ ሞከርኩ።

ውስጠኛው መጠቅለያ ግን ሲዘረጋ ሥዕል ሆኖ ተገኘ። ፈንጣጣን ከአንድ ደሴት አባረረ የሚባልለት ቀስተኛ፣ ያ ግራ ክንዱ ከቀኙ የሚረዝመው ጀግና፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ በቀይ ቀለም ታትሞ። ቀዩን ቀስተኛ ለጌጥ የሚገዛ ሰው የለም፤ ፈንጣጣ የያዘው ልጅ ራስጌ ነው የሚለጠፈው። የአሳታሚ ማኅተምም አጣሁበት። ለገበያ አልተሠራም ማለት ነው።

እሱንም የሌላ ሰው ሥራ ነው ብዬ ልተወው ስል ፊቱን አየሁት። ቀስተኛው ይስቃል።

ኪሳቡሮ፣ ይሄ ቀስተኛ የትም አይስቅም። በሽታውን እንዲያስደነግጥ ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚቀረጸው። የሳቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማንኪቺያችን ታሞ "አባዬ፣ ሰውዬው ያስፈራኛል" ብሎ ሲያለቅስ፣ አንተ አዲስ የማተሚያ እንጨት ቀርጸህ አፉን ፈገግ ያደረግክለት ጊዜ።

ሥዕሉን ይዤ አታሚው ጎንጂ ዘንድ ሄድኩ። በቅርቡ ኦሳካ ደርሶ አንተን አይቶህ የለ?

"ይሄ የማን እጅ ነው?" አልኩት።

ወረቀቱን ዘቅዝቆ ይመረምር ጀመር። "እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ! ኦሳካ ውስጥ ቀራጩ እንደ አሸን ፈልቷል።"

"መጀመሪያ አቃናው።"

አቃናውና ላብ በላብ ሆነ። "ለጎረቤት ልጅ ቀርጾ ይሆናላ። ደግሞ አይዞሽ፣ ቀለል አድርጎ ነው የያዘው፣ ዓይኑም አልተነካ..."

"ማንን?"

"እ?"

"ማንን ነው ቀለል አድርጎ የያዘው?"

"ኧረ ተይኝ፣ ቀለሜ እየደረቀብኝ ነው!" ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ያን ቀን ጭራሽ ቀለም አልበጠበጠም ነበር።

እንግዲህ ሳትሸነግለኝ መልስልኝ። "ሥራ በዝቶብኛል፣ ለአዲስ ዓመት አልመጣም" ያልከው ለዚህ ነው? የጎረቤት ልጅ ከሆነ የጎረቤቱን ስም ጻፍልኝ፤ አስጠይቃለሁ። የራስህ ከሆነም ጻፍልኝ። ሌላ ቤት አለህ ወይስ የለህም? ከሰው አፍ እየለቀምኩ መኖር አልችልም።

ተናድጃለሁ፣ አልደብቅህም። ሴትዮዋ እንኳ ይህን ያህል አላናደደችኝም። ያ ሳቅ ግን የማንኪቺ ነበር። እሱን አውጥተህ ለሌላ መስጠትህ ነው አንጀቴን ያቃጠለው።

ልጁ ግን ምን አደረገኝ? ስሙን እንኳ ሳላውቅ ትኩሳቱ በረደለት ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ያበሳጨኛል። ሲድን እንደ ወጉ ቀስተኛውን በሩዝ ጆንያ የገለባ ክዳን ላይ አድርጋችሁ ወንዝ ልቀቁት። ትርፍ ቅጂውም ቢሆን ዕቃ አይጠቀለልበትም፤ ነውር ነው፣ ንገራት።

አንተን ጤና ይስጥህ። ልጁንም ጠባሳ ሳያስቀርበት ይልቀቀው።

ሚስትህ ሪዮ

የማንኪቺ ቀስተኛ ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው። ወንዝ የሚለቀቀው ልጁ ሲድን ነው፤ ልጁ ካልዳነ ምን እንደሚደረግ የነገረኝ የለም።