በሊፍት ወጥተን በደረጃ ወረድን

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ዳገቱን ታማርሪያለሽ? እህቴ ትታዘዝሻለች? አጎቴስ ከሳሉ ዳነ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ሶፋ ቤቱም ሥራው ሞቅ ብሎልናል። እጄ በሙጫው ቢሻክርም ቀልቤ ረግቷል።

እማዬ፣ ዛሬ የምነግርሽ ትልቅ ነገር ነውና እህቴ ስታነብልሽ እንዳትቸኩል። ፎቶዋን የላክሁልሽ የኬክ ቤቷ ልጅ አባት ሊያዩኝ መጡ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። የሰርግ ወሬ በተነሣ ቁጥር «ቀስ! ቀስ!» ስለሚሉ ልጃቸው «ፍሬን» ትላቸዋለች፤ በሌሉበት ነው ታዲያ። ቤቴን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ አልጋዬን ነቅነቅ አደረጉ፣ ከዚያ ክፉም ደግም ሳይናገሩ፣ እስቲ ያን በካሌንደር ላይ የማየውን ማማ አሳየኝ አሉ።

እሑድ ሦስታችን ሄድን። ልጅቷ ከፍታ ስለማትወድ ከታች አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች። ሊፍቱ ጆሯችንን እየደፈነ አናቱ ላይ አወጣን። ከተማው ከእግራችን ሥር ተንጣሎ፣ የሶፋ ቤታችንን ቆርቆሮ እንኳ ለየሁት። ላሳያቸው ዞር ስል አባባ የሉም። ለካ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ላብ አጥምቋቸዋል። በዚያ ሁሉ ገደል አፋፍ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው! «ወደዚያ ሣጥን ተመልሼ አልገባም» አሉኝ በሹክሹክታ።

ጨነቀኝ። ሰው ፊት ባዋርዳቸው ነገሬን ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው፤ ደግሞም አንጀቴን በሉት። ጥበቃውን ጠርቼ «ወንድሜ፣ ሊፍቱን ፈርቻለሁ፤ በደረጃ አውርደን» አልኩት። ሰውዬው «ይሄን የሚያህል ጎረምሳ!» ብሎ እየሳቀ በሩን ከፈተልን። አባባ ትከሻዬን ጨብጠው፣ እያረፍን ወረድን።

ልጅቷ ምን አዘገያችሁ ስትለን ሊፍቱን ፈርቼ ነው አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ይሄኔ አባባ ቱግ አሉ። «አትሳቂ! የፈራሁት እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ ገመናዬን ሸፍኖ ነው ያወረደኝ» አሏት። ሳቋ ቀጥ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ከአንተ ጋር ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ እናትህን ማነጋገር ነው» አሉኝ። መንገድ መሃል እንባዬ መጣ፣ እማዬ።

እናም ቅዳሜ ከሰዓት ይደውሉልሻል። ኮስታራ ቢመስሉም ውስጣቸው ገር ነውና በጨዋታ ያዢያቸው። የማማውን ነገር ግን እሳቸው ካላነሱት አደራሽን እንዳልሰማሽ ሁኚ።

እህቴን በርቺ በይልኝ፤ ሰርጉ ላይ የምትለብሰውን ከአሁኑ እንዳትመርጥ። አጎቴን ሲጋራውን ይተው በይው። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋንም፣ የሰፋሽለት ሱሪ ዛሬም አልተቀደደም በያት። ምርቃትሽ አይለየኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ
ከሶፋ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ ሰኞ፣ ጥር ፲፬