የትኛው ኪም?

ሐሙስ
አባባ ዛሬም እምቢ እንዳለ ነው። ታናሽ እህቴ ሰላም ሚንሆን ካላገባሁ ካለች ሰነበተች፤ እሱ ደግሞ «ዘሩን ለማላውቀው ሰው ልጄን አልሰጥም» ይላል። ሚንሆ እኮ አዲስ ሰው አይደለም። ከኮሪያ መጥቶ በርበሬ በረንዳ ካለው ሱቃችን ዛላ በርበሬ መግዛት ከጀመረ ቆየ፤ እንደ አገሩ ምግብ ጥቅል ጎመን ያብላላበታል። ዋጋ መከራከር ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ አሁን እኔኑ ያስለቅሰኛል።

አባባን ላግባባ ብዬ «ኮሪያዎች ዘራቸው አንድ ነው» አልኩት። «በይ እንግዲህ! ሁሉም አንድ ዘር ከሆኑ ባዳዋን ልጄን የት ሊያስቀምጧት ነው?» አለኝ። ምነው አፌን በቆረጠው!

ዓርብ
ሚንሆን ለብቻው ይዤ ዘሩን ጠየቅኩት። የቤተሰቡን ስም ጠርቶ «ኪም ነኝ» አለ። አገር ምድሩ ኪም አይደል እንዴ? ሳቀብኝ። «የትኛው ኪም ነው የሚባለው» አለ። ለካ እያንዳንዱ ኪም አባቶቹ የተነሱበት ቦታ አለው። የሱ ጊምሄ ነው። ድሮ የጊምሄ ኪም ከጊምሄ ኪም አይጋባም ነበር፣ ሕግም ይከለክል ነበር። ይኼማ የኛው ሰባት ቤት ቆጠራ ነው! በደስታ ስጮህ በረንዳው ሁሉ ዞረብን።

ለእሑድ የቀረ፦ ሽማግሌ መፈለግ። ሰላምን እንዳታለቅስ መምከር። ሚንሆን ማስጠናት (ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፣ ግን ዘሩን ማን ይቁጠርለት?)።

ቅዳሜ
ጋሽ ሸምሱና ጋሽ ወልዴ እሺ አሉኝ! ሁለቱም የአባባ የልብ ጓደኞች ናቸው። ጋሽ ሸምሱ «ደንበኛ ዘመድ ነው፣ እንቆምለታለን» አሉ። ተመስገን።

እሑድ
ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባባ ጓደኞቹን እንደማያውቅ ሰው እያየ «የማን ልጅ ነው?» አለ። ሚንሆ ከአባቱ ጀምሮ ወደ ላይ ቆጠረ። ስሙን መያዝ ቢያቅተንም ጣታችንን እያጠፍን ተከተልነው። ሰባትን አልፎ ሲቀጥል አባባ «ይበቃል፣ ይበቃል!» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ እናንተ ዘንድ ባዳ አትሆንም?» አለው።

«ጋሼ» አለ ሚንሆ በዚያ ስብርብር አማርኛው፣ «የኛ የመጀመሪያ እናት ንግሥት ናት። ከሩቅ አገር፣ በመርከብ መጣች ይባላል። እኛ ቤት መጀመሪያም እናት ባዳ ናት።»

አባባ ወደ ቆሙት ጓደኞቹ ዞረ። ሰላም እጄን ጨምቃ ልትሰብረኝ ነበር።

«ምነው ቆማችሁ?» አለ በመጨረሻ፣ «ተቀመጡ እንጂ!»

እልልታዬ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሰላም ምክሬን ከምንም ሳትቆጥር አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

ሰው ሲበተን አባባ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።
«ያቺ ንግሥት» አለኝ፣ «አባቷ ሄዶ ጠይቋት ይሆን?»
«እንጃ» አልኩት።
ጠጋ አለኝ። «ፓስፖርት የሚወጣው የት ነው?»