ሰዓዳ የተሸለመች ቀን

ጅዳ፣ በግዳዲያ ሰፈር። እሑድ፣ ሐምሌ 6

ልጄ ሰዓዳ ዛሬ አገር ቤት ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ቪዲዮው የደረሰኝ የማዳምን ባል ረጃጅም ነጭ ቀሚሶች፣ ቶቦቹን፣ ስተኩስ ነው። የካውያው እንፋሎት ስልኩን ሲሸፍነው፣ ጥቁር ካባዋን ለብሳ በጉም ውስጥ የምትንሳፈፍ መሰለኝ። ተማሪዎች አስተባብራ የገጠር እናቶችን ፊደል በማስቆጠሯ ዋንጫ ሰጧት። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ካውያ ይዤ ነበር።

የሰው እናቶችን አስተማረች። እኔን በሃምሳ ዓመቴ ያስተማረችኝ፣ መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር አብራኝ ትሠራ የነበረችው ዘሃራ ናት፤ እንፋሎት በያዘው የኩሽና መስኮት ላይ በጣቷ እየጻፈች። ለሰዓዳ አልነገርኳትም። አንድ ቀን "እማ፣ አንቺንስ ላስተምርሽ?" ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን አሁንም የማላነብ ስለሚመስላት ድምፅ ብቻ ትልክልኛለች።

ዛሬ ጻፍኩላት፦ "ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። አየሁሽ። እናትሽ።" ሦስት ቶብ የሚተኮስበት ጊዜ ፈጀብኝ። ማዳም ከሳሎን "ያላ ፋጡማ፣ ኸላስ?" እያለች ጨርሼ እንደሆነ ትጠይቃለች።

ወዲያው የሰዓዳ ድምፅ መጣ፤ ከኋላዋ እልልታ ይሰማል። "እማዬ! ማሻአላህ፣ እንዴት ያምራል! ማን ጻፈልሽ? አላህ ይስጥልኝ በይልኝ!"

ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ "እሺ ልጄ፣ እነግርልሻለሁ" አልኳት።