የወንድሜ ቢዝነስ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አያ ታከለ አልመጣም አሉኝ። ለዓርብ ደቦ ልጠራቸው ነበር የሄድኩት። የእናቴ ጎረቤት ናቸው። አባቴ ካረፈ ወዲህ የእናቴን ገብስ ፊት ሆነው የሚያጭዱ እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ከመደባቸው ሳይነሡ «እናንተ ቤት ደቦ የቀረ መስሎኝ» አሉኝ። ሌላውም ቤት እንዲሁ ነው። አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዱ በሬ ጠፋብኝ አለ፣ አንዷ ጭራሽ አልወጣችም።

ምክንያቱን የነገረችኝ እናቴ ናት። ታናሽ ወንድሜ አስማረ አምና ደባርቅ ላይ ቤት ሲሠራ «ላገባ ነው፣ ጎጆ ልወጣ ነው» ብሎ ነበር። በየቤቱ ዞሬ ደቦ የጠራሁለት እኔ ነኝ። መጡለት። እንጨት ተሸከሙ፣ ጭቃ ረገጡ፣ ግድግዳ መረጉ። ቤቱ ሲያልቅ ሙሽራ ሳትገባበት ታፔላ ተሰቀለበት። ሎጅ ሆነ። ሰዉ ስቆ አለፈው።

ባለፈው ሳምንት ግን አያ ታከለ የታመሙ ባለቤታቸውን ደባርቅ ሐኪም ቤት ወስደው መሸባቸው። አስማረ ዘንድ ሄደው አሳድረን አሉት። «ይሄ ቢዝነስ ነው፣ ክፍሎቹ ለፈረንጅ ተይዘዋል» ብሎ መለሳቸው። በደባርቅ ብርድ፣ የታመመች ሴት ይዘው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አደሩ። ያንን ጭቃ የረገጡት እኮ እሳቸው ናቸው!

ነገ ደባርቅ እሄዳለሁ።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ከዳባት ሚኒባስ ተሳፍሬ ደባርቅ ሄድኩ። አስማረ በረንዳው ላይ ስልክ ያወራል። ቁጭ በይ በሚል እጁን አወዛወዘልኝ፣ እንደ ደንበኛ።

የተናገረውን ሁሉ መጻፍ አልችልም። ያቺን ቃል ግን ልጻፋት። ለደወለው ሰው «ቢዝነስ ላይ ነኝ» አለው፤ ሻይ እየጠጣ ነበር። እናታችንን ለምን አትጠይቅም ስለው «ቢዝነስ በዛ»። አንድ መንገድ መሪ ልጅ መጥቶ ሲያንሾካሽክለት «አሪፍ ቢዝነስ»። ልጁ እንደወጣ ደግሞ «ይሄ ልጅ ቢዝነስ አይገባውም»። ሥራም ቢዝነስ፣ ስንፍናም ቢዝነስ፣ ድለላም ቢዝነስ። ቃሉ ካፖርት ሆኖለታል፣ ከሥር የለበሰው አይታይም።

አያ ታከለን ሳነሳበት ፊቱ ትንሽ ቀላ። ወዲያው ግን «እታለም፣ ዘመድና ቢዝነስ አይቀላቀልም» አለኝ። ግድግዳህን ሲመርጉ ለምን ቀላቀልከው? አልኩት። ስልኩን አነሳ።

ልወጣ ስል፣ ለአጨዳው የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ እልክላችኋለሁ አለ። ይህን ሲል ደግሞ የተገላገለ ይመስል ነበር።

ረቡዕ

ስድስተኛ ክፍል፣ እንግሊዝኛ። አንድ ተማሪ መጽሐፉ ላይ ቢዝነስ የሚል ቃል አግኝቶ ትርጉሙን ጠየቀኝ። ንግድ፣ ሥራ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጉዳይ ማለት ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። እንዲህ በንጹሕ ሲጻፍ ምንም ክፋት የለበትም። ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ብላቸው ግማሹ ክፍል «ቢዝነስ ስለሆነ አልችልም» የሚል ዓይነት ጻፈ። ከየት ሰሙት? ጮህኩባቸው። ምን አጠፉ? ምንም።

እናቴ ቅጥረኛ አልፈልግም ብላለች። ሰዉ ከተቀየመን ዓመቱን ሙሉ ከማን ጋር ልኖር ነው፣ ገብሱ እዚያው ይርገፍ አለች። የዓመት ቀለቧ እኮ ነው! በሷም ተናደድኩ።

ከሰዓት በኋላ በሊማሊሞ በኩል ደመና መጣ። በኅዳር! የደረሰ ገብስ ዝናብ ካገኘው አለቀ።

ሐሙስ፣ ሚካኤል

ደፍሬ አደረግሁት። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ሳሉ ድንጋይ አንስቼ ትከሻዬ ላይ ጫንኩና ፊታቸው ቆምኩ። በደለኛ ታረቁኝ ሲል እንዲህ ያደርጋል። አስማረን ትናንት ደውዬ ና ብዬዋለሁ፤ አልመጣም። የጠራኋችሁ እኔ ነኝና ይቅር በሉኝ አልኩ። አንገቴን ብደፋም ቁጣዬ ይበልጥ ነበር፣ አውቀውብኛል መሰለኝ።

አያ ታከለ ድንጋዩን አይተው ወደኔ ቀና አሉ። ከዚያ «ያቺ ወንድምሽ ያላት ቃል ምን ማለት ናት? አስተማሪ ነሽ፣ ንገሪን» አሉ።

ንግድ ማለት ነው አልኳቸው።

«ንግድማ እናውቃለን። አባቴ የጨው ነጋዴ ነበር። ሊማሊሞን ሲወጣ መሽቶበት ያሳደረውን ሰው ስም እስኪሞት ድረስ ሲጠራ ኖሯል። ይሄ ንግድ አይደለም፣ ልጄ። ድንጋዩን አውርጂው፣ ያንቺ አይደለም።»

አወረድኩት። ስለ ነገ ግን ማንም ምንም አላለም። ለማንኛውም ጠላው ተጠምቋል፣ ሽሮውም አለ።

ዓርብ

መጡ። ገና ጎህ ሳይቀድ የማጭድ ድምፅ ሰማሁ። አያ ታከለ ፊት ናቸው። ወገቤን ያሉትም፣ በሬ የጠፋባቸውም አሉ። እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ደመናው እላያችን ላይ ቆሞ ዋለ እንጂ አልዘነበም።

እኩለ ቀን ገደማ አስማረ መጣ። በባጃጅ፣ ሦስት ቅጥረኞች ይዞ። ሰዉ ሲያየው ቀና አለ፣ መልሶ ወደ ማጨዱ ዞረ። ማንም አልሰደበውም። ቅጥረኞቹ ነገሩ ገብቷቸው ከባጃጁ አልወረዱም። አስማረ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ «ማጭድ ስጡኝ» አለ። ድምፁ የልጅነቱን መሰለኝ።

አያ ታከለ ቀና ብለው «አይ፣ እንግዳማ አይሠራም። ተቀመጥ» አሉት። ከዚያም ወደኔ ዞረው «ለእንግዳው ጠላ አምጭለት» አሉኝ።

ጥላ ሥር አስቀመጡት። ከሰው ሁሉ በፊት እሱ ተቀዳለት፣ በትልቁ ጽዋ። አባታችን ባረሰው ማሳ ዳር፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳይጠጣው ቆየ። ሰዉ ያጭዳል፣ እሱ ያያል። ሲመሽ ገብሱ ተከመረ፤ እሱ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደቦው ዳነ፣ ገብሱ ዳነ። ግን ጠላውን ስቀዳለት ዓይኑን ወደኔ አንሥቶ «እታለም» ብሎኛል፣ ቀስ ብሎ። የአባታችን ማጭድ በብብቴ ሥር ነበረ። አልሰጠሁትም።