ይተነፍሳል

ሰኞ፣ የካቲት 4

ጋራዡን ብቻዬን ከፈትኩ። ዘይት የሚቀየርለት አንድ መኪና፣ ፍሬኑ የሚጮህ አንድ። ተራ ቀን ነበር... ከአባዬ ዝምታ በቀር።

ቅዳሜ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን አድርገውት ሐኪሙ አሥራ አራት ቀን አትናገር ብሎታል። ሹክሹክታም ክልክል ነው። ከተናገረ ድምፁ ላይመለስ ይችላል። እማዬ ጋራዥ ድረስ እየተከተለችው ዘብ ሆናለች። ገና ከንፈሩን ሲያላቅቅ «ትንፍሽ እንዳትል» ትለዋለች። ዕድሜ ልኳን የተመኘችውን ሥልጣን ነው ያገኘችው።

ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ያለኝ ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። «ይቺን ጋራዥ አሥራ አራት ቀን ያለ እኔ አፍ ካሠራሻት ቁልፉ ያንቺ ነው። ካልሆነ ለጎሚስታው እናከራያት።» ጎሚስታው ጎረቤታችን ነው፤ ለጎማ ጥገናው ቦታ ጠቦት ዓይኑን ከጣለብን ቆይቷል። አባዬ ደግሞ ቀልዶ አያውቅም፣ በተለይ በሥራ።

እዚህ ጋራዥ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ቁልፉን ጠዋት ይሰጠኛል፣ ማታ ይቀበለኛል። አንድ ቀን እንኳ እኔ ጋ አድሮ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ባለ ቱርቦ መኪና መጣ። የመኪናው ባለቤት የሒሳብ መምህር ናት። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚን እንደ ውሃ ይጠጣል። ሦስት ጋራዥ ዞራ ነው የመጣችው። «አራተኛዋ አንቺ ነሽ፣ አምስተኛ የለም» አለችኝ። እሸጠዋለሁ ማለቷ ነው።

የመመርመሪያ ኮምፒውተሩን ሰካሁ። ቆሞ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሠራ አየር በዝቶበታል፣ ቤንዚን አንሶታል ይላል። ረገጥ አድርጌ ስነዳው ደግሞ ተገላቢጦሽ... ቤንዚን በዝቶበታል፣ አየር አንሶታል። አንድ መኪና እንዴት ሁለቱንም ይሆናል? ወይስ አየር የሚለካው ሴንሰር ነው የሚዋሸኝ?

አባዬ ጥግ ካለችው ወንበሩ ተነስቶ መጣ። ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ። እማዬ በገዛችለት ትንሽ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አንድ ቃል ጻፈ፤ ይተነፍሳል። ተመልሶ ተቀመጠ። መጻፍ አይወድም፣ ደረሰኝ እንኳ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ገባኝ። ሞተሩ ደህና አድርጎ ይተነፍሳል፣ የአየሩን ነገር ተይው፣ ቤንዚኑ ጋ ፈልጊ ማለቱ ነው። ግማሹን ሥራ ሠራልኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

የቤንዚን ፊልትሮ ቀየርኩ። ምንም። ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አውጥቼ አጠብኩ። ምንም። ፓምፑን ለካሁት፣ ከእኔ ይበልጥ ጤነኛ ነው።

አባዬ ጋ ሄጄ እርግጠኛ ነህ ወይ አልኩት። ያንኑ ቃል ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። ገብቶኛል እኮ አልኩት። ሁለተኛ መስመር ሲያሰምር ጠመኔው ተሰበረ። አፉን ከፈተ... እማዬ ከየት ብቅ እንዳለች እንጃ። «ትንፍሽ እንዳትል።» አፉን ዘጋ። ዓይኑን ግን እሷም አልቻለችውም። ምን አጠፋሁ?

ዓርብ፣ የካቲት 8

ሴንሰሩንም ቀየርኩ። ያው ነው። መምህሯ ደወለች፣ አላነሳሁም። አፍሬ።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ከሳቄ ብዛት እጄ አልጽፍ ብሎኛል።

ጠዋት መምህሯ መጣች። አላገኘሁትም አልኳት፣ ዓይኗን ማየት ከብዶኝ። ሰዓቷን አየችና «እስከ ነገ» አለችኝ፣ የፈተና ወረቀት እንደምትሰበስብ ሁሉ።

ሻይዬን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ጎሚስታው የአንድ ደንበኛ ጎማ ያገላብጣል። ደንበኛው ጎማው ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀው። ጎሚስታው ቀና እንኳ ሳይል «ይተነፍሳል» አለው።

ክው አልኩ።

ይተነፍሳል... ጎማ ሲተነፍስ አየር ያመልጠዋል ማለት ነዋ! ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነገር። አባዬ ጤነኛ ነው አላለኝም፣ ቀዳዳ አለው ነው ያለኝ። እኔ ቃሉን ከሰው ወሰድኩት፣ እሱ ከጎማ። ምስኪን አባዬ፣ ያንን ሁሉ መስመር ያሰመረው ለካ...

ሁሉም ገጠመልኝ። ሴንሰሩ በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውን አየር ይቆጥራል። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ሞተሩ አየር ስለሚስብ፣ በቀዳዳው በኩል ያልተቆጠረ አየር ይገባና ቤንዚኑ ያንሳል። ቱርቦው አየሩን ወደ ሞተሩ ሲገፋ ደግሞ የተቆጠረው አየር በዚያው ቀዳዳ ያመልጣል፣ ቤንዚኑ ይተርፋል፣ ይጨሳል። ሴንሰሩ አንድም ቀን አልዋሸም።

ጎሚስታው ጋ ሮጥኩ። የሳሙና ውሃውን ከነባልዲው አዋሰኝ፣ የኮምፕሬሰሩን ቱቦም ራሱ ጎትቶ አመጣ። የአየር ማስገቢያውን ደፍነን ቀስ አድርገን አየር ነፋንበት። አረፋ ቀባን። ከላይ ምንም የለም። ጎሚስታው መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ ብሩሹን ወደ ውስጥ ሰደደ። «ነይ እዪ» አለኝ። ከሥር፣ ዓይን የማይደርስበት ቦታ፣ ወደ ሞተሩ አየር የምታስገባ አንዲት የጎማ ቱቦ ሆዷ ላይ ተሰንጥቃ አረፋ ትነፋለች። የጥፍር ያህል ስንጥቅ ናት። በዚች ነው ስድስት ቀን የተንከራተትኩት።

ቦታችንን የሚፈልገው ሰው መሆኑ ትዝ ሲለኝ ከልቤ ደነገጥኩ። ይህን ካገኘሁ ቦታው እንደሚቀርብህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። «ቦታ የትም አይጠፋም» አለና ልብሱን አራገፈ። እስከ ዛሬ በክፉ ሳየው የኖርኩት ሰው...

ቱቦዋን ቀየርኳት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ከመምህሯ ጋር ዳገቱን ወጣነው። ቱርቦው ሲነሳ ወንበሩ ላይ ለጠፈን። ጭስ የለም። ኮምፒውተሩም ዝም፣ አየሩና ቤንዚኑ ታርቀዋል። ልቤ ጮቤ ረገጠች። መምህሯ ዞራ ወረደችና እንደገና ወጣችው። ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። መልሱን እያረጋገጥኩ ነው ትላለች፣ ፊቷ እንደ ልጅ ፈክቶ።

ለአባዬ እውነቱን ነገርኩት። ደህና ነው ያልከኝ መስሎኝ ነበር አልኩት። ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ሰሌዳውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፣ ያለ ድምፅ። እማዬ ይህ ይፈቀድ አይፈቀድ ሳታውቅ ከላዩ ቆማ ቀረች።

ማታ ግን እንደ ወትሮው እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት። ያለ እኔ አፍ አልነበር ያለው? በአፉ ባይሆንም በቃሉ ነው ያገኘሁት... ይሄ ይቆጠርብኝ ይሆን? ልጠይቀው ፈራሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ሐኪሙ ጉሮሮውን አይቶ ተናገር አለው። አባዬ «አ» አለ። ሻካራ ነው፣ ግን አለ። ድምፁ አለ! እማዬ አለቀሰች፣ እኔም።

ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ ትንፍሽ አላለም። እማዬ ተፈቅዶልሃል እኮ፣ ተናገር እንጂ ብትለው ዝም። ሁለት ሳምንት ዝም ያሰኘችው ሴትዮ አሁን ልትለምነው ምንም አልቀራት።

ጋራዡ በር ላይ ደረስን። ቁልፎቹን ከኪሱ አወጣ። ከፍቼ ልመልስለት እንደ ሁልጊዜው እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ቀለበቱን በጥፍሩ ፈልቅቆ የጋራዡን ቁልፍ ከቤቱ ቁልፎች ለየው። መዳፌ ላይ አስቀመጠውና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፋቸው። 

«በይ ተንፍሺ» አለኝ።

«የቱን ማለትህ ነው?» አልኩት።

ሳቀ። በድምፅ። ጎሚስታው ሳቁን ሰምቶ እጁን እየጠረገ ወጣ፣ ሁላችንም በር ላይ ቆመን ሆዳችንን ያዝን። ከዚያ ከፈትኩ።

ማታ ስንዘጋ እጁን አልዘረጋም። ቁልፉ አሁን እዚህ ነው፣ ከማስታወሻዬ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ።